ማሽኑ «አላውቅሽም» ሲል

የባዮሜትሪክ ትምህርት ከኮድ በፊት ከጣት መጀመር ያለበት ለምንድን ነው?

ጠረጴዛው ላይ የማኅተም ቀለም፣ ነጭ ወረቀትና አጉሊ መነጽር ተደርድሯል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቼ ገብተው ሲቀመጡ እንደልማዳቸው ላፕቶፓቸውን ይከፍታሉ። «ዝጉት፤ የዛሬው ሥራ በጣት ነው» እላቸዋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ቀለም ያስነካና ከጥፍሩ ዳር እስከ ጥፍሩ ዳር ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያንከባልለዋል። ሁለት አሻራ ነው የሚያነሳው። አንዱን ስሙን ጽፎበት ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላውን ስም ሳይጽፍበት ይሰጠኛል። ስም አልባዎቹን ቀላቅዬ አድልና «በሉ ባለቤቱን ፈልጉ» እላለሁ።

መሳተፍ የማይፈልግ አይገደድም፤ ታትሞ የተዘጋጀ ናሙና አለለት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም የራሱን ወረቀቶች ለቅሞ በገዛ እጁ ይቀዳድዳቸዋል። የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ እዚህ ላይ ነው። የሰው አሻራ የሚሰበስብ ሰው ለምን እንደሚወስደው፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየውና እንዴት እንደሚያጠፋው ሳይናገር መሰብሰብ የለበትም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ይመስላል። የጣት መስመሮች በሦስት ትልልቅ ቅርጾች ይመደባሉ። ከአንድ ወገን ገብቶ ተጠምዝዞ በዚያው ወገን የሚወጣው ሎፕ ይባላል፤ ከ100 አሻራ 60 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ ነው። መሃሉን እየዞረ ክብ የሚሠራው ዎርል ሲሆን ከ100 ወደ 30 ይደርሳል። እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ ዝቅ የሚለው አርች ግን 5 ያህል ብቻ ነው። አርች የደረሰው ተማሪ ወዲያው ግድግዳው ጋ ሄዶ ባለቤቱን ያገኛል። ሎፕ የደረሰው ግን ከግማሽ ክፍል በላይ ተመሳሳይ ቅርጽ ይጠብቀዋል። ያኔ አጉሊ መነጽሩን ያነሳና መስመር የሚያበቃባቸውን፣ መስመር ለሁለት የሚከፈልባቸውን ነጥቦች መቁጠር ይጀምራል። ማሽኑም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የነጥቦቹን ቦታና አቅጣጫ መዝግቦ ወደ ቁጥር ይለውጣቸዋል፤ ይህ የቁጥር መዝገብ ቴምፕሌት ይባላል።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጅ መውጣት ይጀምራል። «ቲቸር፣ ይሄና ያ የአንድ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም።» ልክ ነው። አንደኛው ላይ ጣቱ ጠበቅ ብሎ ተጭኖ መስመሮቹ ተጣብቀዋል፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ግማሹ አልወጣም። አንድ ጣት ሁለት ጊዜ ቢነሳ ፍጹም አንድ ዓይነት ምስል አይሰጥም። ስለዚህ ማሽን «ይህ ያ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። የሚችለው «ይህ ያንን ምን ያህል ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ባለቤት አጥቶ ቀረ። ቅርጹ ጠፍቷል፤ ጥቂት የደበዘዙ ጭረቶች ብቻ ይታያሉ። ባለቤቱ ክረምቱን በግንባታ ሥራ ሲሚንቶ ሲያቦካ ያሳለፈ ተማሪ ነበር። «የእኔስ ይመለሳል» አለ መዳፉን እያየ። «እናቴ ግን ልብስ አጣቢ ናት። የገዛሁላት ስልክ በአሻራዋ አንድም ቀን ተከፍቶላት አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ ይህችን እናት ይዞ መሄድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ባዮሜትሪክን ለሚሠሩ፣ ለሚገዙና ለሚያስተዳድሩ ወጣቶች መጀመሪያ ልናስተምራቸው የሚገባው ማሽኑ እንዴት ሰውን እንደሚያውቅ ብቻ ከሆነ ግማሹን አስቀርተናል። ማሽኑ ሳያውቅ ሲቀር ማን ውጭ እንደሚቆምም አብሮ መማር አለበት።

ከመዳፍ ውል እስከ ፖሊስ መዝገብ

የዘመናዊው የአሻራ አጠቃቀም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሳይንስ ድል ነው። የጀመረው ግን ኃይል ባለውና ኃይል በሌለው ሰው መካከል በተደረገ ውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 (ከእኛ አገር ሕጎች በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቤንጋል ውስጥ የእንግሊዝ አስተዳደር ባለሥልጣን የነበረው ዊሊያም ኸርሸል፣ ራጃዳር ኮናይ ከተባለ የአካባቢው ሰው ጋር ለመንገድ ሥራ የሚሆን ግብዓት እንዲያቀርብ ተዋዋለ። ውሉ ላይ የኮናይን ሙሉ መዳፍ በቀለም አሳተመው። ኸርሸል ያን ጊዜ የአሻራን ልዩነት አጥንቶ አልነበረም። ፍላጎቱ ሰውዬው ኋላ ላይ «ፊርማዬ አይደለም» ብሎ እንዳይክድ ማስፈራት ነበር። አሻራ ሰውን ለመለየት እንደሚያገለግል የተረዳው ዘግይቶ፣ ለዓመታት እያነሳ ካነጻጸረ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። በ1880 ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሄንሪ ፎልድስ አሻራ ወንጀለኛን ለመለየት እንደሚጠቅም ኔቸር መጽሔት ላይ ጻፈ። በ1892 ፍራንሲስ ጋልተን ስለ አሻራ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት አርጀንቲና ውስጥ ሁዋን ቩሴቲች በዘረጋው ዘዴ የነፍስ ግድያ ወንጀል በደም አሻራ ተረጋገጠ። በ1897 ካልካታ ውስጥ የአሻራ ቢሮ ተከፈተ፤ በ1901 ደግሞ የለንደኑ ስኮትላንድ ያርድ ዘዴውን ተቀበለ። አሻራዎቹን በ1,024 ክፍሎች የሚመድበው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእንግሊዛዊው አለቃ በኤድዋርድ ሄንሪ ስም ነው። ስሌቱን በመሥራት ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት ግን አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦስ የተባሉ ሁለት ሕንዳውያን ሠራተኞች ነበሩ።

እኛም አገር አሻራ ከኮምፒውተር በፊት የታወቀ ነገር ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ውል ላይ በጣቱ ይፈርማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ላይ ስለዚህ ጉዳይ የደነገገው በእያንዳንዱ የባዮሜትሪክ ክፍል ቢነበብ ደስ ይለኛል። መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው የጣት ምልክት፣ አዋዋይ ወይም ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው ሰውየውን አያስገድደውም። ሕግ አውጪው ጣት ወረቀት ላይ ማረፉ ሰውየው የተጻፈውን ለመረዳቱ ማስረጃ እንደማይሆን ገብቶታል። ስለዚህ በአሻራውና በግዴታው መካከል ኃላፊነት ያለበት ሰው አቆመ። ኸርሸል አሻራን ደካማውን ለመያዝ ሲጠቀምበት የእኛ ሕግ ደካማው በአሻራው እንዳይያዝ ጠበቀው። ተማሪዎቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነቡ ቴክኖሎጂው አንድ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጠው ያዩታል።

የመቁረጫው ነጥብ

ማሽኑ ሁለት ቴምፕሌት ሲያነጻጽር የሚያወጣው የመመሳሰል ነጥብ ነው። ከዚያ ወዲያ «ነው» ወይም «አይደለም» የሚባለው አንድ ሰው አስቀድሞ በወሰነው መቁረጫ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አይፈልጉም። ሁሉም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወስደው፣ መቁረጫ ነጥብ እስኪነገር ጠብቀው የመጡ ናቸው። አንድ ነጥብ ጎድሎት የቀረ ጓደኛ የሌለው የለም። መቁረጫው ከፍ ሲል ማለፍ የሚገባው ሆኖ የሚቀረው ይበዛል፤ ዝቅ ሲል ማለፍ የማይገባው ሆኖ የሚያልፈው ይበዛል። በባዮሜትሪክም እንዲሁ ነው። መቁረጫውን ከፍ ብታደርጉት ባለቤቱ ራሱ ይከለከላል፤ ዝቅ ብታደርጉት ሌላ ሰው በእሱ ስም ይገባል። ሁለቱንም ስህተት በአንድ ጊዜ ዜሮ የሚያደርግ መቁረጫ የለም።

ይህ መርህ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በዓይን ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ዶግማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓይንን አይሪስ፣ ማለትም በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ክፍል፣ ወደ 2,048 ቢት (የዜሮና የአንድ ሰንሰለት) የሚቀይር አልጎሪዝም ሠራ። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ኮድ ቢነጻጸር እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ ያህሉ ቢት ይለያያል። የአንድ ዓይን ሁለት ፎቶ ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ያነሰ ነው። መቁረጫው በሁለቱ መካከል፣ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ይቀመጣል። በ1984 በፓኪስታን የስደተኞች ካምፕ ፎቶ የተነሳችውና በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን የታወቀችው አፍጋናዊት ልጅ ከዓመታት በኋላ ስትገኝ፣ እሷ መሆኗ በ2002 ከተረጋገጠባቸው መንገዶች አንዱ ዶግማን የድሮውንና የአዲሱን ፎቶ አይሪስ ማነጻጸሩ ነበር።

አይሪስ በሥራ አይለፋም፤ በሲሚንቶም በሳሙናም አይጠፋም። የልብስ አጣቢዋን እናት ጣት ያላነበበ ሥርዓት ዓይኗን ሊያነብ ይችላል። ነገር ግን ዓይነ ስውር አለ፤ የዓይን ሞራ የጋረደው፣ እጁ የተቆረጠ አለ። ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ የአካል ክፍል የለም። ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ ገና ንድፍ ሲያወጣ ሁለተኛና ሦስተኛ በር ያዘጋጃል።

አንድ ለአንድ፣ አንድ ለሚሊዮን

ስልክ በአሻራ መክፈት አንድ ለአንድ ማነጻጸር ነው። ጥያቄው «ይህ ጣት የባለስልኩ ነው ወይ?» የሚል ነው። የአገር መታወቂያ ግን ሌላም ጥያቄ አለው፦ «ይህ ሰው ከዚህ በፊት በሌላ ስም ተመዝግቧል ወይ?» ይህን ለመመለስ አዲሱ ሰው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር መነጻጸር አለበት።

እዚህ ላይ ቦርዱን ጠርጌ ስሌት አሠራለሁ። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢነጻጸር 1,225 ጥንድ ይወጣል። አሁን 100 ሚሊዮን ሰው የተመዘገበበት ሥርዓት አስቡ። ማሽኑ በሁለት የተለያዩ ሰዎች መካከል የሚሳሳተው ከአንድ ሚሊዮን ማነጻጸር አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንበል። ለሻጭ ይህ የሚያኮራ ቁጥር ነው። ነገር ግን አዲስ የመጣ አንድ ሰው 100 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚነጻጸር፣ ከ100 የማያውቃቸው ሰዎች ጋር «ተመሳሳይ» ተብሎ ይወጣል። ከዚህ የሚያወጣው ምልክቶቹን መደራረብ ነው። ሁለት ጣቶች አንዱ በሌላው ሳይወሰን እያንዳንዳቸው ከሚሊዮን አንድ ቢሳሳቱ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚሳሳቱት ከትሪሊዮን አንድ ጊዜ ይሆናል።

ፋይዳ ላይ የተመዘገበ ሰው አሥር ጣቱ፣ ሁለት ዓይኑና ፊቱ ለምን እንደተወሰደ መልሱ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘ ሲሆን፣ ለተመዝጋቢው ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። የቆመበት ሶፍትዌር ሞሲፕ ይባላል፤ በ2018 ሕንድ ባንጋሎር ከሚገኝ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተነሳ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና እንደ ፊሊፒንስና ሞሮኮ ያሉ አገሮችም የመረጡት ነው። ይህ ለአስተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ተማሪዎቻችን የአገራቸው ሥርዓት የተገነባበትን ኮድ አውርደው ማንበብ ይችላሉ። መዝጋቢው የጎደለን ጣት ወይም የማይነበብን ዓይን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ምዝገባውን የሚቀጥልበት ክፍል እንዳለውም ያገኛሉ። አካሉ የማይነበብ ሰው ሊመዘገብ የሚችልበት መንገድ ሶፍትዌሩ ውስጥ ተጽፏል። የሚቀረው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ያን መንገድ ማወቁና መጠቀሙ ነው።

መዝገብ በሰፋ ቁጥር አሻራቸው የሚመሳሰል የተለያዩ ሰዎች እንደሚበዙ ዓለም በውድ ዋጋ ተምሯል። መጋቢት 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች በቦምብ ተመትተው ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፈንጂ ማቀጣጠያ ከነበረበት ፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተነሳ አሻራ ለአሜሪካው ኤፍቢአይ ተላከ። ኮምፒውተሩ ከግዙፍ መዝገቡ ውስጥ ይመስላሉ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር አወጣ፤ ከእነሱ አንዱ በኦሪገን ግዛት የሚኖረው ጠበቃ ብራንደን ሜይፊልድ ነበር። የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ደጋግመው አይተው «የእሱ ነው» አሉ። ፍርድ ቤት የመደበው ገለልተኛ ባለሙያም እንዲሁ አለ። የስፔን ፖሊስ ግን ተጠራጠረ። ሜይፊልድ ከሁለት ሳምንት እስር በኋላ የተፈታው ስፔኖቹ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በ2006 የ2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ ይጥላሉ። ኮምፒውተሩ ግን የሚመስሉትን ዘርዝሮ አቀረበ እንጂ አልፈረደም። የፈረዱት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ባለሙያ ከወሰነ በኋላ ቀጣዮቹ በአዲስ ዓይን አላዩትም። ስለዚህ ማረጋገጥ ማለት ሌላው የወሰነውን ሳያውቁ ከመጀመሪያው ማየት መሆኑ የትምህርቱ አካል መሆን አለበት።

የፊት ጉዳይ

ፊት ከጣትም ከዓይንም ይልቅ ለጥንቃቄ ይጠራል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ሳያውቅ ከሩቅ ሊነሳ ይችላል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። በ2018 የኤምአይቲዋ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ አንድ ጥናት አሳተሙ። የሩዋንዳን፣ የሴኔጋልንና የደቡብ አፍሪካን፣ እንዲሁም የአይስላንድን፣ የፊንላንድንና የስዊድንን የፓርላማ አባላት ፎቶ ሰብስበው፣ ከፊት ተነስቶ ጾታን የሚለይ የሦስት ኩባንያዎች ሶፍትዌር ፈተሹበት። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ።

በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ሰው የሚለዩ በርካታ አልጎሪዝሞችን ፈትሾ፣ ብዙዎቹ በአፍሪካውያንና በምሥራቅ እስያውያን ፊት ላይ አንዱን በሌላው የመሳሳት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ በአንዳንዶቹም ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚደርስ ገለጸ። ልዩነቱ ግን በሁሉም አልጎሪዝም እኩል አይደለም፤ በጥቂቶቹ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ችግሩ የፊታችን አይደለም፤ ማሽኑ የተማረበት ፎቶና የሠሪው ጥንቃቄ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ነገ መሥሪያ ቤቱ ሲስተም ሲገዛ «በአማካይ 99 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ብሮሹር አይበቃውም። በእኛ ሰዎች፣ በእኛ ብርሃን፣ በሽማግሌውና በወጣቷ ላይ ለየብቻ ተፈትኖ ውጤቱ ይቅረብልኝ ይላል።

የማይቀየር ቁልፍ

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። አሻራ ቢሰረቅ በምን ይቀየራል? በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የአሻራ መረጃ መሰረቁ ይፋ ሆነ። ሌላም አለ፦ በ2002 ጃፓናዊው ተመራማሪ ሱቶሙ ማትሱሞቶና ባልደረቦቹ ከጄላቲን በሠሩት ሰው ሠራሽ ጣት በጊዜው ገበያ ላይ የነበሩ የአሻራ ማንበቢያዎችን አታለዋል። ዛሬ ጥሩ ማሽኖች የቀረበላቸው ጣት ሕያው መሆኑን ይፈትሻሉ፤ መረጃውም ተመስጥሮ ይቀመጣል። ሆኖም ትልቁ ጥበቃ የማያስፈልግን ነገር አለመሰብሰብ ነው። የተማሪ መገኘት ለመቆጣጠር በእርግጥ አሻራ ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ማየት የዓመቱ ምርጥ ሰዓቴ ነው።

ሕጉም ተጽፏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀም ያስገድዳል። የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ይህን አዋጅ ሳያነቡ እንዳይመረቁ፣ የሕግ ተማሪዎቻችንም መቁረጫ ነጥብ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እንዳይመረቁ እመኛለሁ። ጎረቤታችን ኬንያ ላይ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የዲጂታል መታወቂያ ካርዱ ሥርጭት የመረጃ ጥበቃ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይደረግ በመጀመሩ ሕግን የጣሰ ነው ብሏል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2018 አድሃር የተባለው የአገሪቱ ዲጂታል መታወቂያ ለመንግሥት ድጎማ እንዲያገለግል ፈቅዶ፣ ለባንክ ሂሳብና ለሲም ካርድ ግዴታ መሆኑን አስቀርቷል። በሁለቱም አገር ክርክሩ የተነሳው ሥርዓቱ ከተዘረጋ በኋላ ነው። እኛ ጋ ክርክሩ ክፍል ውስጥ ቀድሞ ቢጀመር ምንኛ ይሻላል።

ፈተናው

በሴሚስተሩ መጨረሻ የምሰጠው ጥያቄ አጭር ነው። በቀን 1,000 ሰው የሚስተናገድበት ቢሮ አለ፤ ማሽኑ ትክክለኛውን ባለቤት በስህተት የሚከለክለው ከ100 ሰው 2ቱን ነው። በቀን ስንት ሰው ይመለሳል? ሁሉም 20 ብለው ይጽፋሉ። ነጥቡ ያለው ቀጣዩ ላይ ነው፦ ለእነዚያ 20 ሰዎች ምን አዘጋጅታችኋል?

ጥሩ መልስ የሚጽፍ ተማሪ መጀመሪያ ሌላ ጣት፣ ከዚያም አይሪስ ያስሞክራል። ሁለቱም እንቢ ካሉ ወደ ተመዘገበው ስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር አለው፤ ስልክ ለሌለው ደግሞ ሰነድ አይቶ የመወሰን ሥልጣን ያለው፣ ውሳኔውን በስሙ የሚመዘግብ ሠራተኛ ያስቀምጣል። የተመለሱት ሰዎች ብዛት በሥራ ዘርፍና በዕድሜ ተለይቶ በየወሩ እንዲታይ ያደርጋል፤ እነዚያ 20 ሰዎች በየቀኑ ገበሬ፣ ድንጋይ ጠራቢና ልብስ አጣቢ ከሆኑ ማሽኑ የሚለየው ማንነትን ሳይሆን ድካምን ነውና። የ1952ቱ ሕግ አሻራው አጠገብ ሰው አቁሞ ነበር። ዲጂታል ሥርዓትም ያንኑ ሰው ይፈልጋል።

ከዛሬዎቹ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ባንክ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ከውጭ ለሚገዛ ሲስተም መስፈርት በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። መቁረጫ ነጥቡን ኮድ ውስጥ የሚጽፈው እጅ የእነሱ ነው። ከዚያ ቁጥር በታች ማን እንደሚቀር ሳያውቁ እንዳይጽፉት ማድረግ ደግሞ የእኛ የመምህራን ግዴታ ነው።